የተቆለፈውን ክፍል እንዴት እንከፍታለን? በትምህርት ቤት የፈጠራ ጥግ አሠራር፣ ከድሬዳዋ

ድሬ ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት ገብታችሁ «የአይሲቲ ክፍል» የሚል ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ ሥር ደግሞ የተንጠለጠለ ቁልፍ አይታችኋል? እኔ ብዙ አይቻለሁ። ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት 14 ኮምፒውተር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ላስቲክ ለብሶ ተቀመጠ። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት መስኮቱ ላይ ተለጥፈው፣ ብርሃኑን በእጃቸው ከልለው ያዩታል። ደወል ሲደወል ይበተናሉ። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ከባልደረቦቼ ጋር በሁለት ትምህርት ቤት የፈጠራ ጥግ ከፍተናል። አንዱ የተሰባበረ ዴስክ የሚከማችበት ክፍል ነበር። ሌላው የቤተ መጻሕፍት አንድ ጥግ ነው። ብዙ ብር አልነበረንም። የሠራልንንም የተበላሸብንንም በየተራው እጽፋለሁ። የሳይንስ ወይም የአይሲቲ መምህር ከሆናችሁ፣ ቤተ መጻሕፍት የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ካላችሁ ለእናንተ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። የፈጠራ ክፍል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሮቦት ነው፣ ውድ ማሽን ነው። ዕቃው በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ልጅ ገብቶ ዕቃ የሚነካበት፣ ቢበላሽበት የማይገረፍበት ቦታ ነው። ፕላዝማን አስታውሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃው ሲተከል አገር ጉድ አለ። ስክሪኑ ይናገራል፣ መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ተማሪው ለመጻፍ ይሯሯጣል። ያልገባው ልጅ «አንዴ ቆይ» ማለት አይችልም። ቴክኖሎጂው ነበር፤ የልጁ እጅ ግን የሚነካው ነገር አልነበረም።

1. ቁልፉን በወረቀት ክፈቱ

ክፍሎቹ የሚቆለፉት በስንፍና አይመስለኝም። በፊርማ ምክንያት ነው። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ አንድ መምህር ይፈርምበታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ማውስ ቢጠፋ ከደሞዜ ይቆረጣል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ይቆልፈዋል። ማን ይፈርድበታል?

ከርዕሰ መምህሩና ከንብረት ክፍሉ ጋር ቁጭ በሉና አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በትምህርት ላይ እያለ የተበላሸ ዕቃ በብልሽት መዝገብ ይሰፍራል እንጂ በመምህሩም በልጁም ላይ ዕዳ አይሆንም። ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሆናል። ክፍሉ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይከፈታል፣ ቀኖቹም በሩ ላይ ይለጠፋሉ። እነዚህን ሦስቱን ካስገባችሁ ይበቃል። ከዚያ ወረቀቱን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ አቅርቡት፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ይሄን አትዝለሉት። እኛ በመጀመሪያው ዓመት በቃል ብቻ ተስማምተን ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር ቁልፉም አብሮ ተመለሰ።

ትምህርት ቤታችሁ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ካለው ደግሞ አዲስ ነገር ለመክፈት አትድከሙ፣ እዚያው ጀምሩ። ስሙም ቦታውም በጀት ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ የጎደለው የሚገባበት ልጅ ብቻ ነው።

2. ቦታ ስትመርጡ ፀሐይዋን አስቡ

ከአዲስ አበባ የመጣ መመሪያ «ብርሃን የሚገባበት ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል» ይላችኋል። ድሬ ላይ ይሄ አይሠራም አቦ። ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ያለ ክፍል ምን እንደሚመስል የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ያለውን ክፍል ተዉት። ኮምፒውተሮቹን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ፣ ከኋላ የሚወጣው ትኩስ አየር መውጫ ይፈልጋል። ላስቲክ አታልብሷቸው፤ ሙቀቱን ያፍነዋል። ነጠላ ነገር ወይም አሮጌ አንሶላ ይሻላል፣ እሱም ማሽኑ ከጠፋ በኋላ።

የከሰዓት ፈረቃ ከሆናችሁ የኮምፒውተር ሥራን ወደ 10 ሰዓት ግፉት። 8 ሰዓት ላይ የወረቀት፣ የካርቶንና የሥዕል ሥራ ይሁን። ይቺ ትንሽ ለውጥ ልጆቹንም ማሽኑንም አድናልናለች።

ክፍል የለንም ካላችሁ አንድ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥንና የኒም ዛፍ ጥላ ይበቃችኋል። የምሬን ነው። ካርቶን፣ ባትሪ፣ ገመድና ስልክ ለመያዝ ግድግዳ አያስፈልግም። ብዙ የድሬ ግቢ ደግሞ ኒም አያጣም።

ክፍል ላላችሁ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ኮምፐርሳቶ ግድግዳ ላይ ምቱ። መቀሱን፣ ፒንሳውን፣ ካቻቪቴውን በሚስማር ስቀሉና የእያንዳንዱን ዙሪያ በማርከር ሳሉት። ዕቃው ሲነሳ ባዶ ቅርጹ ይታያል። ደወል ሊደወል 3 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆሞ «4 ቁጥር መቀስ የለም!» ብሎ ይጮሃል፣ የያዘው ልጅ ሮጦ ያመጣል። ከሰሌዳው በፊት መቀስ በየሳምንቱ ይጠፋብን ነበር። ማንንም «ሌባ» ሳንል ቆመ።

3. ዕቃ ከየት ይመጣል?

ግማሹ ከቤት ነው። ሃይላንድ፣ ቆርኪ፣ ካርቶን፣ የተሰበረ መጫወቻ፣ ያለቀ እስክሪብቶ፣ የጫማ ክር። ለልጆቹ የአንድ ሳምንት ጊዜ ስጧቸው፣ ክፍሉ ይሞላል። ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ ነጋዴዎቹን ብትጠይቁ ካርቶን አይነፍጓችሁም።

ግማሹ ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ ነው። ስልክ የሚጠግኑትን ልጆች ጠይቋቸው። የሞተ ስልክ ውስጥ ስልኩን የምታንቀጠቅጥ ሩዝ የምታክል ሞተር አለች። ከተጣለ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ሌንስ ይወጣል። ያንን ሌንስ በስልክ ካሜራ ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ የሽንኩርት ልጣጭ ብታዩበት ማጉያ መነጽር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ትምህርት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ልጣጩ የውስጠኛው፣ ስስ የሆነው ይሁን፤ ከኋላው መብራት ይምጣበት፤ ስልኩን በሁለት መጽሐፍ መሀል አጋድሙት፣ በእጅ ከያዛችሁት ይንቀጠቀጣል። ዲቪዲውን ስትፈቱ ሶኬት ላይ እንዳይሰካ። ፈቺውም ትልቅ ሰው ይሁን።

የምትገዙት ጥቂት ነው፦ አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ሁለት ፒንሳ፣ አንድ የካቻቪቴ ስብስብ፣ ኤልኢዲ፣ ቀጭን ገመድ፣ የባትሪ ድንጋይና መያዣው፣ በባትሪ የሚጮህ ትንሽ ጩኸት ማሰሚያ፣ ፕላስተር፣ ማስቲሽ። ደረሰኝ ተቀበሉ። የሚያልቀውን ዕቃ በአላቂ ዕቃነት አስመዝግቡት፣ አለበለዚያ የተቃጠለች አንዲት ኤልኢዲ ፍለጋ ይላካችኋል።

ሰውም ዕቃ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና። ከተማችን የተወለደችው ከጋራዥ ነው ማለት ይቻላል። ባቡሩ በ1895 ከጅቡቲ ደርሶ ጥገናው እዚህ ሲከተም፣ ስንት የድሬ አባት ሙያ የተማረው እዚያ ግቢ ውስጥ ከጌታው ጎን ቆሞ ነው። ከሠፈራችሁ የምድር ባቡር ጡረተኛ ፈልጉ። እኛ ጋ አንድ አባባ መጥተው ነበር። ቁጭ እንኳን አላሉም። ገመዱን ተቀበሉ፣ በጥፍራቸው ለኩት፣ ፒንሳውን ትንሽ ብቻ ጨበጥ አድርገው ዞር አደረጉት፣ ላስቲኩ ብቻ ወልቆ መዳቡ ሳይጎዳ ወጣ። «አትጨፍልቀው ልጄ፣ ዙረው» አሉት ለአንዱ። 40 ልጅ ትንፋሹን ውጦ ያይ ነበር። እኔ በሦስት ክፍለ ጊዜ ያላስረዳሁትን በ1 ደቂቃ አሳዩዋቸው።

4. ኢንተርኔት አትጠብቁ

ኔትወርክ የለም ብሎ ኮምፒውተር መቆለፍ መጽሐፍ መደብር የለም ብሎ ቤተ መጻሕፍት እንደመዝጋት ነው። የሚያስፈልገው አንድ ደህና ላፕቶፕ፣ አንድ ተራ ዋይፋይ ራውተርና ለአንድ ሌሊት ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ወዳጅ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የተሠራው ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ላፕቶፑ ላይ ጫኑት፣ ከዚያ ቻናሎች ምረጡና አውርዱ። የካን አካዳሚ የሒሳብና የሳይንስ ቪዲዮዎች አሉበት። ፌት የሚባሉት የሳይንስ ሙከራ ማሳያዎችም አሉበት፣ እነሱን እንዳትረሱ። ልጁ በስክሪኑ ላይ ባትሪና አምፖል አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ሲዞር ያያል፣ አቃጥሎም ያየዋል፣ ማንም አይከስርም። ሁሉንም አታውርዱ። የምታስተምሩትን ምዕራፍ አይታችሁ የሚያስፈልገውን ብቻ፤ ቪዲዮ ዲስክ ይበላል።

ወደ ትምህርት ቤት ስትመለሱ ራውተሩን ሰኩ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ሥራው ማሽኖቹን እርስ በርስ ማገናኘት ብቻ ነው። ላፕቶፑን በኬብል አገናኙት፣ ኮሊብሪን ክፈቱ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች፣ ታብሌቶችና ስልኮች ዋይፋዩን ይዘው ኮሊብሪ የሚያሳየውን አድራሻ ብሮውዘራቸው ላይ ይጽፋሉ። በቃ። አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፦ ራውተሩ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ለላፕቶፑ የተለየ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል። ልጆቹ ትናንት የጻፉት ዛሬ አይከፍትም። ራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ስጡትና በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። እኛ ይሄን እስክናውቅ አንድ ወር ተሰቃይተናል።

ለማንበቢያ ኪዊክስ ጨምሩ። ዊኪፔዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚከፍት ፕሮግራም ነው። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ ግን አውርዱት። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውንም አውርዱት፣ ለ9ኛና 10ኛ ክፍል ልጆች ከዋናው እንግሊዝኛ ይሻላቸዋል።

5. መብራት

ዲቫይደሩ ደህና ይሁን፣ ርካሹ ይቀልጣል። በአንድ ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር አትሰኩ። ታብሌት ካላችሁ በትንሽ ሶላር መኖር ይቻላል። ሒሳቡን ከልጆቹ ጋር ሥሩት፣ ራሱ ትምህርት ነው። የአንድ ታብሌት ባትሪ 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ከሆነ በ3.7 ቮልት ስታባዙት 18.5 ዋት ሰዓት ይመጣል። 10 ታብሌት 185 ነው። የሚባክነውን ጨምሩና 250 በሉት። 100 ዋት ፓነል በድሬ ፀሐይ በ4 ሰዓት ውስጥ ይሄን ይሞላዋል። ፓነሉ ፀሐይ ላይ፣ ባትሪውና ታብሌቱ ጥላ ውስጥ። ይሄን የገለበጠ ሰው አይቻለሁ፤ ታብሌቶቹ አበጡ።

6. በጥያቄ ጀምሩ

ብዙ ቦታ የፈጠራ ክፍል የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ዕቃው ይደረደራል፣ ልጆቹ ይገባሉ፣ «ፍጠሩ» ይባላሉ። ምን ይፍጠሩ? ልጅ ባዶ ጠረጴዛ ሰጥታችሁት «ፍጠር» ብትሉት ይፈዛል። ጥያቄ ስጡት፤ እሱ ራሱ የሚያውቀው፣ በሠፈሩ ያለ ጥያቄ።

የእኛ የመጀመሪያ ጥያቄ ከአንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ነው የመጣው። «መምህር፣ ድሬ ሳይዘንብ ደቻቱ ጎርፍ ከየት ያመጣል?» አለችኝ። ደቻቱ ከተማችንን የሚያቋርጠው ወንዝ ነው። እስቲ ይሄን ጥያቄ ተመልከቱት። ጂኦግራፊ አለበት፦ ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ በስተደቡብ ያሉት ደጋዎች ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ ዝናቡ እዚያ ወርዶ ውኃው ወደኛ ይንደረደራል። ሒሳብ አለበት። ታሪክም አለበት፣ ያውም ያልሻረ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 ሰው በላይ ወስዷል። የተማሪዎቼ ቤተሰቦች ውስጥ ሰው ያጡ አሉ። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ለወላጆች ነገርን፣ የከበደው ልጅ ሌላ ሥራ እንዲይዝ ፈቀድን። አንዲት እናት ግን ራሳቸው መጥተው ያን ሌሊት ምን እንደሰሙ ለልጆቹ ነገሯቸው። «መጀመሪያ ድምፅ ነው የመጣው» አሉ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ፈለጉ፦ ውኃ ከፍ ሲል የሚጮህ ነገር።

አሠራሩ ይኸው። ለ5 ልጅ አንድ ሥሩ።

ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቁረጡ። ከታች በኩል አራት አምስት ቀዳዳ ብሱ፣ ከውጭ ያለው ውኃ እንዲገባ። ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ላይ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡና ጠርሙሱ ውስጥ ጣሉት፤ ግድግዳውን ሳይነካ እንደልቡ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። በፎሙ የላይኛው ገጽ ላይ የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ለጥፉ። አሁን ሁለት ገመድ ውሰዱ። ጫፋቸውን 2 ሴንቲ ሜትር ላጡት። በጠርሙሱ አፍ ላይ በተጋደመ ካርቶን አሳልፋችሁ ጎን ለጎን አንጠልጥሏቸው፣ በመሀላቸው 1 ሴንቲ ሜትር ይኑር፣ እንዳይነካኩ። ከዚያ የባትሪውን ቀይ ገመድ ከጩኸት ማሰሚያው ቀይ ጋር፣ የማሰሚያውን ጥቁር ከአንዱ ተንጠልጣይ ገመድ ጋር፣ ሌላውን ተንጠልጣይ ከባትሪው ጥቁር ጋር አገናኙ። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም 3 ቮልት፣ ለብዙዎቹ ማሰሚያዎች ይበቃል። ጠርሙሱን ባልዲ ውስጥ አቁሙ። ከላይ ድንጋይ አስሩበት፣ አለበለዚያ ይንሳፈፋል። ውኃ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ፎሙ ይነሳል፣ አልሙኒየሙ ሁለቱን ገመዶች በአንድ ጊዜ ይነካል፣ ይጮሃል።

መጀመሪያ የሠራነው እንዲህ አልነበረም። ልጆቹ ሁለቱን ገመድ ቀጥታ ውኃ ውስጥ ነከሯቸው፤ ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ተብለው ተምረዋላ። ምንም አልጮኸም። አንዱ «መጽሐፉ ውሸታም ነው» አለ። ቴስተሩን አመጣንና ለካን። ውኃው ያስተላልፋል፣ ግን በጣም ደካማ ነው፤ ማሰሚያውን የሚያስጮህ ያህል አይደለም። ጨው ብንጨምር ይሻሻላል፣ ሞከርነው፣ ትንሽ ሲር አለ። ያቺው ጥያቄዋን ያመጣችው ልጅ ጥግ ይዛ የማስቲካ ወረቀት ታጣጥፍ ነበር። የብሩን ገጽ ወደ ላይ አድርጋ ቆርኪ ላይ ለጠፈችው፣ ቆርኪዋን ውኃው ላይ አስቀመጠች፣ በጣቷ ወደ ገመዶቹ ገፋ አደረገቻት። ጮኸ! ክፍሉ ተናወጠ ብላችሁ እመኑኝ። ፎሙን ያመጣነው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ መልሱን ቀድማችሁ አትስጡ። ውኃ ውስጥ ይንከሩት። አለመሥራቱን ይዩት።

አልጮህ ካለ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። ሁለቱን ተንጠልጣይ ገመዶች በእጅ አነካኩ። ከጮኸ ችግሩ አልሙኒየሙ ላይ ነው፦ ወይ ማስቲሽ ላዩ ላይ ፈሷል፣ ወይ ፎሙ አጋድሎ አንዱን ገመድ ብቻ ነክቷል። ካልጮኸ የማሰሚያው ቀይና ጥቁር ተገላብጦ ይሆናል። እሱም ካልሆነ ባትሪውን በቴስተር ለኩ። ፍተሻውን ልጆቹ ያድርጉት፤ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ለመምህር ከባዱ ሥራ ይሄ ነው።

እና ደግሞ በግልጽ ንገሯቸው፦ ይሄ ማስተማሪያ ነው፣ ሰው ሕይወቱን አምኖ የሚተኛበት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ልጆች ቤት ወስደው ደጃፍ ላይ አቁመው «ካልጮኸ ችግር የለም» እንዳይሉ።

7. ያንኑ ጥያቄ ወደ ኮምፒውተሩ አምጡት

አሁን ስክራችን ክፈቱ። ልጆች በቀለማት ብሎኮች ፕሮግራም የሚሠሩበት ነፃ ፕሮግራም ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቋንቋውን ከላይ ቀይሩት፣ አማርኛ አለው። ብሎኮቹ በአማርኛ ሲነበቡ የሚፈራ ልጅ እንኳ እጁን ይዘረጋል።

የእኛ ልጆች የደቻቱን ታሪክ ነው የሠሩት። ዝናብ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ውኃው ይወርዳል፣ ከታች ያለች ልጅ ትሰማለች። የምወደው ክፍል ግን ድምፁ ነው። ድሬ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገር ልጅ አለ፤ ሦስቱንም የሚያቀላጥፈውም ብዙ ነው። ስክራች ውስጥ የራሳችሁን ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ስለዚህ አንዱ ቡድን ሦስት ቁልፍ አበጀ፤ ስትነኩት ያቺው ልጅ በሦስቱም ቋንቋ ቤተሰቧን ትጠራለች። በክፍል ውስጥ እምብዛም ድምፁ የማይሰማ አንድ የሶማሊኛ ተናጋሪ ልጅ ነበር። የሶማሊኛውን ድምፅ የቀዳው እሱ ነው፤ አራቴ ደገመው፣ «አልተመቸኝም» እያለ።

ስልክ ብቻ ላላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ፎቶ በፎቶ የሚሠራ ፊልም አለ። ስልኩን አንድ ቦታ አጥብቃችሁ አስቀምጡ፣ የጭቃ ቅርጾቹን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሳችሁ አንሱ። ለ1 ሰከንድ 12 ፎቶ ብትሉ ለ10 ሰከንድ 120 ፎቶ ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል። ልጆቹ ግን ከእኛ ይበልጥ ትዕግሥት አላቸው። ሲያልቅ በሚኒ ሚዲያው ሳምንት ላይ ይታይ፤ የሽማግሌዎቹን ቃለ መጠይቅም በስልክ ቀድታችሁ በሰልፍ ሰዓት አሰሙት።

8. 60 ልጅ እንዴት ይስተናገዳል?

በ40 ደቂቃ ውስጥ 60 ልጅ 14 ኮምፒውተር ላይ አይሆንም። አትሞክሩት። አምስት አምስት አድርጓቸው፣ 12 ቡድን ይሆናል። አራቱ ቡድን ኮምፒውተር ላይ፣ አራቱ ዕቃ ላይ፣ አራቱ ወረቀት ላይ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ለጥያቄው፣ የመጨረሻዎቹ 10 ለማጽዳትና «ምን አልሠራም?» ለሚለው። ይቺን የመጨረሻ ጥያቄ አትዝለሉ።

ቡድን ውስጥ ሥራ አከፋፍሉ፦ ሠሪ፣ ዕቃ ያዥ፣ መመሪያ አንባቢ፣ ጸሐፊ፣ ጠያቂ። በየሳምንቱ ይዙር። ካልዞረ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፤ ወንዶቹ ፒንሳውን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ ይጽፋሉ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እንደዚያ ስለለመድነው ነው። ግድግዳ ላይ ስም ዝርዝር ለጥፉና በቀኑ ሠሪ ማን እንደሆነች ይታይ።

የክፍሉን ፕሮግራም ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር እሰሩት። የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ውኃ ሲነሳ የሚጮኸው ጠርሙስ፣ የሕዋስ ምዕራፍ ላይ የዲቪዲው ሌንስ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ «ይሄ ጨዋታ ከየትኛው ምዕራፍ ነው?» ይላችኋል። ገጹን ገልጣችሁ አሳዩት። በዓመት ዕቅዳችሁ ላይ ነሐሴ መጨረሻ ጻፉት፣ በኋላ የገባ ነገር ጊዜ አያገኝም።

9. ጥንቃቄ

ልጅ ከግድግዳ ሶኬት ጋር አይገናኝም። ሥራው ሁሉ በባትሪ ድንጋይ ነው። ያበጠ የስልክ ባትሪ ክፍሉ ውስጥ አይገባ፣ ቢያመጡም ተቀብላችሁ ከልጆች አርቁት፤ አትብሱት፣ ቆሻሻ ጋር አታቃጥሉት። ቢላና ሴጌቶ በመምህሩ እጅ። የልጆች ፎቶና ቪዲዮ ወላጅ ሳይፈቅድ ከግቢው አይውጣ፣ ቴሌግራም ላይም አይለጠፍ።

10. ሰኔ ላይ ስትዘጉ

ክረምት ብዙ የፈጠራ ክፍል የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ከመጫወቻና ከቴስተር ውስጥ የባትሪ ድንጋይ አውጡ፣ ይፈስና ያበላሸዋል። ታብሌቶቹን ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጋችሁ አጥፏቸው፤ ባዶ ሆኖ ሁለት ወር የተቀመጠ ባትሪ ላይነሳ ይችላል። የኮሊብሪውን ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡና ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡ። ሣጥኖቹን ብሎኬት ላይ አንሷቸው። ምስጥ አለ፣ ጎርፍም ሊገባ ይችላል።

የብልሽት መዝገቡን የመጨረሻ ገጽ ከንብረት ክፍሉ ጋር ተፈራረሙ። ሁለተኛውን ቁልፍ ክረምቱን ድሬ ለሚያሳልፍ ሰው ስጡ፣ ስሙንም ርዕሰ መምህሩ ይወቀው። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ግን አትንቀሉት። የመስከረም የመክፈቻ ቀኖችን ጻፉበትና እንዳለ ተዉት።